ስለ ገላ ማስተማር፦ የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ለሕፃናት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

በባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች «የወሲብ ትምህርት» የሚባል ክፍለ ጊዜ የለም። በዚህ ስም የሚጀምር መምህር ቢኖር ወላጅ በማግስቱ ቢሮ ደጃፍ ይቆማል። ትምህርቱ ራሱ ግን ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ በጥቂቱ፣ በሳይንስ መጻሕፍት ትንሽ ጨመር ብሎ፣ በክበባት ደግሞ በርከት ብሎ ይገኛል። አንዱ «የሥነ ተዋልዶ ጤና» ይለዋል፣ ሌላው «ሥርዓተ ፆታ»፣ ሌላው «የሕይወት ክህሎት»። ይህ ዳሰሳ እዚህም እዚያም የተበተነውን ለመሰብሰብ የተጻፈ ነው። ትኩረቱ ትንንሾቹ ላይ ነው፤ ከኬጂ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉት ላይ።

ቃሉ ከቤት ሲጀምር

ልጅ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ ሕፃን በብዙ ቤት የሚያገኘው መልስ «ማርያም ሰጠችን» ወይም «ከሆስፒታል አመጣነው» ነው። ብልት በስሙ አይጠራም። እያንዳንዱ ቤት የራሱ የማቆላመጫ ስም አለው። ጎረቤት እንኳ ያንን ስም ላያውቀው ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ልጁ የሆነ ነገር ሲደርስበት ነው። ለመምህሯ፣ ለነርሷ፣ ለፖሊሱ የሚናገርበት ቃል የለውም። «እዚህ ጋ» ብሎ ዝም ይላል።

ትምህርት ቤትም ከቤት ብዙ አይለይም። በአንድ የኬጂ ክፍል የተመለከትኩት እንዲህ ነበር። ግድግዳው ላይ የአንድ ልጅ ሥዕል ተሰቅሏል። መምህሯ በቀጭን ዱላ ትጠቁማለች። «ይሄ ምንድን ነው?» «ዓይን!» «ይሄስ?» «ደረት!» «ይሄስ?» «ሆድ!» ከዚያ ዱላው ዘሎ ጉልበት ላይ ያርፋል። «ጉልበት!» ይላሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። ከሆድ እስከ ጉልበት ያለው አገር ስም የለውም። ልጆቹም እዚያ ቦታ ላይ ጥያቄ እንደማይጠየቅ ያን ቀን ይማራሉ።

ሴት ልጅ ስለ ወር አበባ የምትሰማው ብዙ ጊዜ ከክልከላ ተነሥታ ነው። «ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አትገቢም» ትባላለች፤ ለምን እንደሆነ ግን በደንብ የሚያስረዳት የለም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱ የታወቀና የተከበረ ነው። እንዲያውም ከጣና ገዳማት እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ሴት ከነጭራሹ አያስገቡም። የሚጎድለው ከሥርዓቱ ጎን መቀመጥ የነበረበት ማብራሪያ ነው። ያንን መስጠት የእናትና የመምህር ሥራ ነው።

ከፔዳ እስከ ክበባቱ

ስለ ባሕር ዳር ትምህርት ሲነሳ ፔዳን፣ ማለትም የቀድሞውን የፔዳጎጂ አካዳሚ፣ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። አካዳሚው በ1965 ዓ.ም. የተቋቋመው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ባለሙያዎችን ለማፍራት ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ (ከፖሊቴክኒክ ተቋሙ) ጋር ተጣምሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሰዉ ግን ግቢውን ዛሬም ፔዳ ነው የሚለው። በክልሉ ገጠር፣ መንገድ በማይገባበት ቀበሌ ጭምር፣ ጠመኔ ይዘው የቆሙ ስንትና ስንት መምህራን የዚያ ግቢ ልጆች ናቸው። ትንሽ ልጅን ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነው የሚለውን ሐሳብ ወደ አካባቢው ካመጡት መካከል ፔዳ ከፊት ይቆማል።

ኤች አይ ቪ ሲመጣ ዝምታው በግድ ተሰበረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ዳር ቫይረሱ በከፍተኛ ደረጃ ከተሰራጨባቸው የሀገሪቱ ከተሞች አንዷ ነበረች። ፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱ ተቋቋሙ። በሚኒ ሚዲያ ግጥም ይነበባል፣ ጠዋት በሰልፍ ላይ ድራማ ይታያል። ትምህርቱ ግን በፍርሃት የተሞላ ነበር፤ ሞትን እንጂ ገላን አያስተምርም። በዕድሜ ትንንሾቹ ደግሞ ተመልካች ነበሩ።

ሞሰቦ

በአካባቢው በደንብ ተጽፎ የተቀመጠው ሥራ ከከተማው ሳይሆን ከገጠር የመጣ ነው። ከባሕር ዳር ብዙም በማትርቀው በሞሰቦ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተካሄደ። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ከክልሉ የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ጋር ነበር የሠራው። የተመረጡት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ልጃገረዶቹ በቡድን ይሰበሰባሉ። የምትመራቸው ከአካባቢው የተመረጠች አዋቂ ሴት ናት። ማንበብና መጻፍ፣ የኑሮ ክህሎትና ሥነ ተዋልዶ ይማራሉ። ትምህርት ቤት ያሉት ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣቸዋል። ያገቡት የራሳቸው ቡድን አላቸው። ከጎን ደግሞ ማኅበረሰቡ ራሱ ተቀምጦ ይነጋገራል፤ ያለዕድሜ ጋብቻን በግልጽ ያነሳል። ቤተሰብ ልጁን ሳይድር ከቆየ በመጨረሻው ምረቃ ላይ እርጉዝ በግ ይቀበላል። ይቺ በግ በገበሬ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነች ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከጥሎሽ ጋር የምትፎካከር፣ በዓመቱ የምትበዛ ሀብት ናት።

ውጤቱ ከሌላ ተመሳሳይ አካባቢ ጋር ተነጻጽሮ በ2001 ዓ.ም. ታተመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው 3 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የመዳር ዕድላቸው ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ነበር። ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ ግን ተቃራኒው ታየ፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ያገቡት ከሌላው አካባቢ ይበልጡ ነበር። ምናልባት ሠርጉ ጨርሶ ሳይቀር ለጥቂት ዓመት ተገፍቶ ይሆናል። ቢሆንም ለ12 ዓመት ልጅ ሦስትና አራት ዓመት ትልቅ ነገር ነው። ሰውነቷ ይጠናል፣ ፊደል ትቆጥራለች። ለእኔ የሞሰቦ ትልቁ ትምህርት ዕድሜው ላይ ነው። የተጠቀሙት ገና ትንንሽ ሳሉ የተያዙት ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው።

ዘግይቶ መድረስ የሚያስከትለውን ለማየት ከባሕር ዳር መውጣት አያስፈልግም። በአስቸጋሪ ምጥ የሚመጣውን የፊስቱላ ጉዳት የሚያክመው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያ ቅርንጫፉን በ1997 ዓ.ም. የከፈተው እዚሁ ከተማ ነው።

ሕጉና መጽሐፉ

ሕጉ ግልጽ ነው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። የወንጀል ሕጉ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅን የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣዋል። ሕጉ ግን የሚሠራው ልጁ መናገር ሲችል ነው።

መጽሐፉ ዘግይቶ ይመጣል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ስለ ሰው መራባት በወጉ የሚያብራራው የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አራተኛ ምዕራፍ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ማለት 15 ዓመት ገደማ ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአማራ ሴቶች ግማሾቹ 14.7 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተው ተገኝተዋል፤ የሀገሪቱ ደግሞ 16.5 ነበር። ቁጥሩ ያኔ ከ25 እስከ 49 ዓመት የነበሩትን ሴቶች የሚመለከት ነው። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። እነዚያ እናቶች ግን ምዕራፉ ቢኖርም ኖሮ አይደርሱበትም ነበር።

ክርክሩ

ዩኔስኮ በ2010 ዓ.ም. አሻሽሎ ያወጣው መመሪያ ትምህርቱን ከ5 ዓመት ይጀምራል። ከ5 እስከ 8 ላሉት ከሚያነሳቸው መካከል የአካል ክፍሎች ስም፣ ገላዬ የእኔ ነው ማለት፣ ማንን አምኜ ልንገር የሚለው ይገኛሉ። ስለ እርግዝናም በመጠኑ ያነሳል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ኬፕታውን ላይ ለወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ቃል ከገቡ የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት።

ወላጆችና የሃይማኖት አባቶች ሥጋት አላቸው። «ያልነቃ ልጅ ማንቃት ነው»፣ «ዓይናቸውን መግለጥ ነው» ይላሉ። ከውጭ የተቀዳ ትምህርት ባህላችንን ያፈርሳል የሚሉም አሉ። ሥጋቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ መናቅ የለበትም። ለሰባት ዓመት ልጅ ስለ እርግዝና ምን ያህል ይነገር የሚለው በእርግጥ አከራካሪ ነው። የገላን ስም ማስተማርና «እዚህ ማንም አይነካህም» ማለት ግን ሊያከራክር አይገባም። ዝምታ ልጅን አይጠብቅም። የልጁን ዓይን ስልክና ቲክቶክ ቀድመው ከፍተውታል፤ የቀረው ማን ያስረዳው የሚለው ነው።

ዛሬ

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። መምህሩ ከሌለ ክበብም የለም።

በከተማው ግን ሥራው አልቆመም። አንዳንድ ትምህርት ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ለልጃገረዶች ለይቷል። ፍራሽ፣ ባልዲ ውሃ፣ ካርቶን ውስጥ ሞዴስ አለ። አንዲት የክበብ ተጠሪ መምህርት የወር አበባ የመጣባትን ልጅ በሁለት ምልክት ትለያለች። መምህር ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ሲል አንዷ ቁጭ እንዳለች ትቀራለች። ሙቀቱ ከብዶም ሹራቧን ወገቧ ላይ ታስራለች። ድሮ እንዲህ ያለችው ልጅ «ባለጌ» ተብላ ትገሰጽ ነበር። አሁን መምህርቷ ጠጋ ብላ «ነይ፣ ደብተር አብረን እናምጣ» ትላታለች። ሁለቱም ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል።

የኬጂዋንም መምህር በሌላ ቀን ተመልሼ አየኋት። ሥዕሉ ያው ነው፣ ዱላውም ያው። ሆድ ላይ ደርሳ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ዝቅ አደረገችው። «ይሄ ብልት ይባላል። የራሳችሁ ነው። ማንም ሰው ቢነካችሁ ለእናታችሁ ወይም ለእኔ ትነግራላችሁ።» ሁለት ልጆች ሳቁ። አንዷ እጇን አውጥታ «አጎትም ቢሆን?» አለች። «አጎትም ቢሆን» አለች መምህሯ። ዱላው ወደ ጉልበት ወረደ።