ማትሚ ምንድን ነው? የታይላንዱ ሐር ከሽርጥ ወደ ሶፋ ሲሄድ

የባንኮክ ሆቴሎችን ፎቶ ስታዩ አልጋው ራስጌ ላይ ጠርዙ ፈዘዝ ያለ፣ ውሃ ውስጥ የገባ የሚመስል ጥለት ያለው ጨርቅ ገጥሟችሁ ከሆነ እሱ ማትሚ ነው፣ ወይ ደግሞ ማትሚ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ሁለቱ ግን በጣም ይለያያሉ።

በታይኛ ማት ማሰር ነው፣ ሚ ደግሞ ክሩ። ሌላው ዓለም ኢካት ከሚለው፣ ክሩ ሳይሸመን በፊት ታስሮ ከሚነከርበት ወገን ነው። እኛ ጋ ጥበብ ሲሠራ ባለቀለሙ ክር እየተሸመነ ነው የሚገባው፣ እዛ ግን ሥዕሉ ሽመናው ሳይጀመር ክሩ ላይ አልቋል። ማጉን ፍሬም ላይ ወጥረው ቀለም እንዳይገባበት የሚፈልጉትን ቦታ ጥብቅ አድርገው ያስራሉ፣ ድሮ በሙዝ ቃጫ ነበር አሁን በፕላስቲክ፣ ይነክሩታል፣ የተወሰነውን ፈተው ሌላውን አስረው እንደገና ይነክሩታል፣ አንድ ከለር በተጨመረ ቁጥር አንድ ዙር ተጨመረ ማለት ነው። ከዛ ሸማኔዋ (አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው) ማጉ ባለፈ ቁጥር ጥለቱ እንዲገጥም በእጇ ጎተት ታደርገዋለች። መቼም ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፣ ቀለሙም ከእስሩ ሥር ትንሽ ይሰርጋል፣ ያቺ ብዥታ የመጣችው ከዚህ ነው።

ሀገሩ ኢሳን ነው፣ ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ኮን ኬን ውስጥ ያለችው ቾናቦት በተለይ በዚህ ትታወቃለች። ቀዩ ላክ ከምትባል ነፍሳት፣ ሰማያዊው ኢንዲጎ ከሚባል ተክል ይወጣ ነበር። ንግሥት ሲሪኪት በ1976 የእደ ጥበብ ፋውንዴሽን አቋቁመው የገበሬ ሴቶቹን ሥራ ገበያ አስገቡት፣ ማትሚም ከገጠር ሽርጥነት ወጥቶ በሰፊው የታወቀው በይበልጥ ከዛ በኋላ ነው።

ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይከብዳል። የሽርጡ ጨርቅ ስፋቱ አንድ ሜትር አካባቢ ነው፣ የሶፋና የመጋረጃ ጨርቅ ግን ብዙ ጊዜ 140 ሴንቲሜትር ይፈለጋል። በ1948 ባንኮክ ላይ የሐር ድርጅት የከፈተው አሜሪካዊው ጂም ቶምፕሰን (በ1967 ማሌዥያ ውስጥ ሽርሽር ወጥቶ የጠፋው ሰውዬ፣ እስካሁን አልተገኘም) ለተራው ሐር የማይለቅ ቀለምና የተሻለ መሸመኛ አምጥቶ መንገዱን ከፍቶ ነበር፣ ማትሚ ግን እያንዳንዱ ማግ በእጅ ስለሚስተካከል መሸመኛውን አስፍተህ አፍጥነው ብትለው እሺ አይልም። በዛ ላይ ሐር ፀሐይ አይወድም፣ ይደበዝዛል፣ ይበጣጠሳል፣ ሰው በየቀኑ የሚቀመጥበት ሶፋ ላይማ ቶሎ ያልቃል። ሆቴል ከሆነ ደግሞ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ማድረግም አለ።

ስለዚህ ጎበዝ ዲዛይነሮች ጨርቁን አያስገድዱትም። ባለበት ስፋት ከጀርባው ሌላ ጨርቅ ለጥፈው ራስጌ ላይ ወይ ግድግዳ ላይ ፓኔል ያደርጉታል፣ ስፌቱንም የዲዛይኑ አካል ያደርጉታል፣ ለሚቀመጡበት ነገር ሐሩን ከጥጥ ጋር ያዋህዱታል። የሽርጡን የታች ጠርዝ ያስቀሩታል፣ ጥለቱን ያተልቁታል፣ አምስት ስድስት ከለር የነበረውን ወደ ሁለት ያወርዱታል። እኔ በግሌ ሁሉንም ግራጫና ክሬም ማድረጉ አይጥመኝም፣ ኢሳን እንደዛ ደብዛዛ አልነበረችም፣ ግን የሚገዛው እሱን ነው የሚፈልገው።

መጀመሪያ ያልኩትን ማትሚ መሳይ፣ ጥለቱ ላዩ ላይ የታተመበትን ፕሪንት ለመለየት ጨርቁን ገልብጡት። ማትሚ ክሩ ራሱ ስለተነከረ ሁለቱም ፊቱ እኩል ደማቅ ነው፣ የታተመው ግን ከኋላው ገርጥቷል፣ ብዥታዋም በየተወሰነ ርቀት እዛው ቦታ ላይ ቁርጥ ራሷን ሆና ትመለሳለች።