የሙሽራ ጌጣጌጥ አመራረጥ፦ ከቬሎው አንገት እስከ ቀለበቱ

የሙሽራ ጌጥ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሀብልና የጆሮ ጌጥ ነው። ነገሩ ግን ሰፋ ይላል። ጣት ላይ ቀለበት፣ እጅ ላይ አምባር ወይም ብራስሌት፣ ራስ ላይ አክሊልና የፀጉር ጌጥ፣ ፊት ላይ ዓይነ ርግብ፣ ወገብ ላይ ቀበቶ አለ። ጓንት፣ ጫማና ትንሿ የእጅ ቦርሳም ይጨመራሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ሰው ላይ ይውላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው ማማሩ አይበቃም። አብረው መሄድ አለባቸው፤ ሙሽራዋም ከጠዋት እስከ ማታ ሳትሰቃይ ልትይዛቸው ይገባል።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው ቅደም ተከተሉ ነው። ሱቅ ውስጥ ያየችው ሀብል ዓይኗ ይገባና ትገዛዋለች። ኋላ ቬሎው ሲገኝ አንገቱ ዝግ ይሆናል። ሀብሉ ቦታ አጣ ማለት ነው። የሚሻለው መጀመሪያ ቬሎውን፣ ቀጥሎ የፀጉሩን አሠራር፣ ጌጡን ደግሞ በመጨረሻ መወሰን ነው። ከእናት ወይም ከአያት የተላለፈ ጌጥ ሲኖር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ቬሎው ነው ለጌጡ የሚፈለገው።

የቬሎው አንገት

ሀብል ከመምረጥ በፊት መታየት ያለበት የቬሎው አንገት ቅርፅ ነው። ደረትና ትከሻን የሚገልጥ ቬሎ ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል። ሀብል በደንብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሀብሎች እንደ ርዝመታቸው የታወቀ ስም አላቸው። ቾከር የሚባለው ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አንገት ላይ ጥብቅ ይላል። ፕሪንሰስ የሚባለው ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአንገት አጥንት ዝቅ ብሎ ያርፋል። ለብዙ ቬሎ የሚስማማውም እሱ ነው። ማቲኔ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይረዝምና ደረት ላይ ይወርዳል። ከዚያ በላይ የሚረዝሙት ለሙሽራ እምብዛም አይመቹም። ጎንበስ ባለች ቁጥር ይወዛወዛሉ፤ ከያዘችው አበባ ጋርም ይጠላለፋሉ።

አንገቱ ቪ ቅርፅ ከሆነ ጫፏ ላይ አንዲት ፈርጥ ያላት ቀጭን ሀብል የቬሎውን መስመር ተከትላ ትወርዳለች። ፈርጧ ከጨርቁ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከፍ ብላ ብታርፍ ጥሩ ነው። ጨርቁ ላይ ከደረሰች አንዴ ከውስጥ አንዴ ከውጭ እያለች ቀኑን ሙሉ ታስቸግራለች። አንድ ትከሻ ብቻ ያለው ቬሎ ላይ ሀብል ባይኖር እመርጣለሁ። የቬሎው መስመር ወደ ጎን ያዘነብላል፣ የሀብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሁለቱ አይስማሙም። እዚያ ላይ ረዘም ያለ የጆሮ ጌጥና በባዶው ክንድ በኩል አንድ ብራስሌት በቂ ነው። ጀርባው ክፍት ለሆነ ቬሎ ደግሞ ወደ ኋላ የሚወርድ ሀብል አለ። ሙሽራዋ ብዙውን ሥነ ሥርዓት ለእንግዶቹ ጀርባዋን ሰጥታ የምታሳልፍ ከሆነ ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

እስከ አንገት የሚዘጋ የዳንቴል ቬሎ ሀብል አይፈልግም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው እ.ኤ.አ. በ1956 ሞናኮ ውስጥ ያገባችው ተዋናይት ግሬስ ኬሊ ናት። ቬሎዋ እስከ አንገቷ የተዘጋ ዳንቴል ነበር። ሀብል አላደረገችም። ልዕልት ልትሆን ነው፣ ግን ራሷ ላይ እንኳ የአልማዝ ዘውድ አልነበረም። ያደረገችው በጥቃቅን ሉል የተጌጠች ትንሽ ቆብ ነበር። ያም ሆኖ ዛሬም ድረስ የሙሽራ አለባበስ ሲነሳ ስሟ አብሮ ይነሳል።

ርዝመቱን በግምት መወሰን ያሳስታል። ቀላሉ ዘዴ ክር ነው። ቬሎው ተለብሶ መስታወት ፊት ይቆማል። ክሩ አንገት ላይ ተደርጎ ሀብሉ እንዲያርፍ የሚፈለግበት ቦታ ድረስ ይለቀቃል። ኋላ ላይ ተገናኝቶ ይቆረጥና በሜትር ይለካል። አንገቷ ወፈር ወይም ቀጠን ያለ ሙሽራ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለው ሀብል ከጠበቀችው በላይ አጥሮ ወይም ረዝሞ እንዳያስደነግጣት ይህ ልኬት ይረዳታል።

ማን ይምራ?

ራስ፣ ጆሮና አንገት ተቀራራቢ ናቸው። ሦስቱም ላይ ትልልቅ ጌጥ ሲደረግ ዓይን ማረፊያ ያጣል፤ የሚጎዳው ደግሞ ፊቷ ነው። አንዱ ደመቅ ብሎ ሌሎቹ ዝቅ ይበሉ። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ቅድሚያውን ለጆሮ እሰጣለሁ። አብዛኛው ፎቶ የሚነሳው ፊት ቀረብ ተደርጎ ነው። የጆሮ ጌጥ ከፊትም ከጎንም ይታያል። ሀብል ግን በአበባው፣ በዓይነ ርግቡና በሚያቅፋት ሰው ትከሻ ይሸፈናል።

ፀጉሩ ወደ ላይ ከተሠራ ረዘም ያለ ጉትቻ ያምራል። ወደ ታች ከተለቀቀ ረጅሙ ጉትቻ ፀጉር ውስጥ ይደበቃል፣ ይጠላለፋልም። ጆሮ ላይ ልጥፍ የሚለው ያኔ ይሻላል። ክብደቱም ይታሰብ። ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ሲሞከር ቀላል የመሰለ ጉትቻ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጆሮ ይጎትታል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ ግልጽ ማስደገፊያ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ትልቅ እፎይታ ነው።

የቀለም ነገር

ነጭ ቬሎ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም። ደማቅ ነጭ አለ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ አለ፣ ሮዝ ቢጤ ያለበትም አለ። ደማቁ ነጭ ከብር፣ ከነጭ ወርቅና ከፕላቲኒየም ጋር ይስማማል። ክሬሙ ከቢጫ ወርቅ ጋር ሞቅ ይላል። ከቬሎው ጨርቅ ትንሽ ቁራጭ ከልብስ ሰፊዋ ተቀብሎ ሱቅ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ጌጡ ጨርቁ ላይ ተደርጎ በቀን ብርሃንም በመብራትም ይታይ። ሁለት ዓይነት ብረት መቀላቀል ነውር አይደለም። ሁለቱም ቢያንስ ሁለት ቦታ ከታዩ ታስቦ የተደረገ ይመስላል።

ነጭ መልበስ ራሱ ግዴታ አልነበረም። ብዙ ሙሽሮች ያላቸውን ምርጥ ልብስ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ ለብሰው ይዳሩ ነበር። ነጩን በሰፊው ያስለመደችው እ.ኤ.አ. በ1840 ያገባችው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ዘውድ ሞልቷት ሳለ ራሷ ላይ ያደረገችው የብርቱካን አበባ አክሊል ነበር። ደረቷ ላይ ደግሞ እጮኛዋ አልበርት የሰጣትን የሰንፔር ጌጥ ሰካች። ነጭ ልብስ ላይ አንድ ሰማያዊ ፈርጥ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ መገመት ይቻላል። ባለ ቀለም ድንጋይ የሚወዱ ሙሽሮች ሊፈሩ አይገባም።

ራስ ላይ

አክሊል ከፀጉር ሠሪዋ ጋር ካልተመከረበት ጣጣ ያመጣል። አንዳንዱ በጎንና ጎን ማበጠሪያ አለው፣ አንዳንዱ በፎርሲና ይያዛል። ፀጉር ገና በታጠበ ቀን ይንሸራተታልና አንዳንድ ባለሙያዎች አንድ ቀን ቀደም ብሎ መታጠቡን ይመርጣሉ። ዓይነ ርግቡና አክሊሉ ለየብቻ መያያዝ አለባቸው። እንዲያ ከሆነ ጭፈራ ሲጀመር ዓይነ ርግቡ ብቻውን ይወልቃል፣ አክሊሉም ፀጉሩም ባለበት ይቆያል። ጠባብ አክሊል ራስ ያማል፤ ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አድርጎ መቆየት እውነቱን ይናገራል።

ጌጥ በዕለቱ ሊሰበር እንደሚችልም ይታሰብ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1947 ኋላ የእንግሊዝ ንግሥት የሆነችው ኤልሳቤጥ ስታገባ፣ ጠዋት ፀጉሯ እየተሠራ ከአያቷ ከንግሥት ሜሪ የመጣው የአልማዝ ዘውድ ተሰበረ። የቤተ መንግሥቱ ጌጥ ሠሪ በፖሊስ አጀብ ወደ ሥራ ቦታው ወስዶ ጠግኖ መለሰው። የዕለቱን ፎቶ አተኩሮ ያየ ሰው ዘውዱ መሃል አካባቢ ክፍተት ያያል። ያ አልበቃ ብሎ አባቷ የሰጣት የሉል ሀብል ሌላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከስጦታዎቹ ጋር ለእይታ እንደተቀመጠ ቀርቶ ነበር። ጸሐፊዋ በሩጫ ሄዶ አመጣው። ፖሊስ የሚያጅበው ጌጥ ሠሪ ለሌላት ሙሽራ ሚዜዋ ቦርሳ ውስጥ መርፌ ቁልፍ፣ ትርፍ ፎርሲና፣ ትርፍ የጉትቻ መያዣ፣ መርፌና ነጭ ክር ይኑር። ጌጡ ሁሉ ደግሞ በዋዜማው በአንድ ሳጥን ይሰብሰብ፤ ሳጥኑንም አንድ ሰው ብቻ ይረከብ።

ከምን እንደተሠራ

ወርቅ በካራት ይለካል። 24 ካራት ንጹሕ ነው፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጎብጣል። 18 ካራት 75 በመቶ ወርቅ አለው፤ ማህተሙ 750 ይላል። 14 ካራት 585፣ 22 ካራት 916 ተብሎ ይታተማል። 925 የሚል ካለ ብር ነው። ነጭ ወርቅ ነጭነቱን የሚያገኘው ከሌላ ብረት ጋር ተደባልቆ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ሮዲየም በሚባል ነጭ ብረት ይለበጣል። ልባጩ በዓመታት ውስጥ ስለሚለቅ እንደገና ይለበጣል። ኒኬል የተደባለቀበት ወርቅም ሆነ አርቲፊሻል ጌጥ ቆዳ ሊያሳክክ ይችላል። አለርጂ ያለባት ሙሽራ ጌጡን ቀደም ብላ ጥቂት ቀን አድርጋ ትፈትነው። አንገቷ ቀልቶ ፎቶ መነሳት የለባትም።

አርቲፊሻል ጌጥ ማድረግ አያሳፍርም። ለአንድ ቀን የሚደረግ አክሊል ወይም የፀጉር ጌጥ ውድ እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር የለም። መከራየትም መዋስም ይቻላል። ዘላቂው ቀለበቱ ነው። ገንዘቡ ውስን ከሆነ እሱ ላይ ይዋል።

የቀለበት ድንጋይ ሲመረጥ ጥንካሬው ይታይ። የድንጋይን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚያስቀምጠው የሞህስ መለኪያ አልማዝ 10 ነው፣ ሩቢና ሰንፔር 9። ኦፓልና ሉል ከዚያ በጣም ያንሳሉ፤ በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት ቶሎ ይጫራሉ። በፋብሪካ የሚሠራ አልማዝ ከመሬት ከወጣው ጋር በይዘቱ አንድ ነው፣ ዋጋው ግን ያንሳል። ሞይሳናይት አልማዝ የሚመስል ሌላ ድንጋይ ነው፤ ጥንካሬው 9.25 ደርሶ ከአልማዝ ቀጥሎ ይመጣል፣ ሲያንጸባርቅም ባለ ብዙ ቀለም ብርሃን ይረጫል። ጣት በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይቀጥናል። ልኬቱን ቀን ሲገባደድ፣ እጅ ሞቅ ሲል መውሰድ ይመከራል። ፈርጡን የሚይዙት ጥርሶች ሹል ከሆኑ ዳንቴል ይቀዳሉ። ሱቅ ውስጥ ስስ ጨርቅ ላይ አሸት አድርጎ መሞከር ነው። ለብራስሌትም ይኸው ይሠራል።

ሉል ለሙሽራ ከሚመረጡት ሁሉ ስሱ ነው። ድሮ ከባሕር በዕድል የሚገኝ ስለነበር የሀብታም ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ ኦይስተር በሚባለው ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ ውስጥ ሉል ማብቀል ከቻለ ወዲህ ነው ቀስ በቀስ ለብዙ ሰው የደረሰው። እውነተኛውን ከአርቲፊሻሉ ለመለየት ጥርስ ላይ ቀስ አድርጎ ማሸት ይረዳል። እውነተኛው ሸካራ ነው፣ ሌላው ይንሸራተታል። ሽቶ፣ ሜካፕና የፀጉር ስፕሬይ ሉልን ያደበዝዛሉ። ስለዚህ ሙሽራዋ ሁሉን ጨርሳ፣ ስፕሬዩም ደርቆ፣ ሉሉን መጨረሻ ላይ ታድርገው። ማታ መጀመሪያ የሚወልቀውም እሱ ነው።

ጫማው ደግሞ ቬሎው ተለክቶ ከማጠሩ በፊት ይገዛ፤ የታኮው ቁመት ሲቀየር የቬሎው ጫፍ ይጎተታል ወይም ያጥራል። ቤት ውስጥም ይለማመዱት።

ከሠርጉ በኋላ እያንዳንዱ ጌጥ ለስላሳ ጨርቅ ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ። አልማዝ አጠገቡ ያለውን ወርቅም ሉልም ይጭራል። ብር አየር ሲያገኝ ይጠቁራልና በተዘጋ ከረጢት ይያዝ። ሉል በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል፣ ሳይሰቀል በጎኑ ይተኛል። ክሩ ከላላ ማስቀየር ነው። በየሉሉ መሃል ቋጠሮ እንዲደረግ ይጠየቅ፤ ክሩ ቢበጠስ የሚወድቀው አንድ ሉል ብቻ ይሆናል።