የሙስና ነጥብ ሲበዛ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

እዚህ የጅማ ልጆች ግሩፕ ላይ ያው ጭቅጭቅ ተመልሶ መጥቷል። ስለ እ.ኤ.አ. የ2023ቱ የሙስና ነጥብ «ላይቤሪያ 25፣ እኛ 37፤ እኛ እንብሳለን!» ተባለ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የተባለው ፀረ ሙስና ድርጅት በየዓመቱ ለአገሮች የሚሰጠው ነጥብ ከ0 እስከ 100 ነው። 100 ንጹሕ፣ 0 እጅግ የከፋ። የላይቤሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2023ም ያገኘችው 25 ብቻ ነበር።

ደግሞ 25 ማለት «ከመቶ ሰው 25ቱ ጉቦ ይበላል» ማለት አይደለም። የተበላ ብር የቆጠረም የለም። ባለሙያዎችና የንግድ ሰዎች ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያላቸው ግምት ነው።

ለምሳሌ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ሞባይል ጥገና ሊከፍት ያሰበ ልጅ እንውሰድ። ለንግድ ፈቃዱ «የሻይ» 500 ብር ተጠየቀ። የለውም፤ ትቶት ሄደ። እሱን ማንም መጥቶ አይጠይቀውም፤ ነጥቡ ውስጥ በቀጥታ አይገባም። ለድሃ ወጣት ግን ዋናው ሙስና ይኼው ነው ባይ ነኝ።

ደረጃ ደግሞ ሌላ ነው። ነጥባችን ሳይነቃነቅ ሌሎች አገሮች ከተሻሻሉ ወደ ታች እንወርዳለን። በአንድ ነጥብ ልዩነት ግን ባትጣሉ ይሻላል፤ ግምት ስለሆነ ወዲህ ወዲያ ይላል።