የስግብግብነት ጀብዱ ምንድን ነው?

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ስለ ስግብግብነት ጀብዱ ማወቅ የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር ይዟል። ቆጡ ላይ የሚያጓጓ ነገር አለ፤ ብብት ሥር ደግሞ ቀድሞ የተያዘ። የላዩን ለመንካት ክንድ መነሣት አለበት፤ ክንድ ሲነሣ የታቀፈው ይወድቃል። ሴትዮዋን ያስገደዳት የለም፤ ክንዷን ያነሣችው ራሷ ናት። ተጫዋቾችን እንዲህ ካለው ቆጥ ሥር ደጋግሞ የሚያቆም ጀብዱ የስግብግብነት ጀብዱ ይባላል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ሮል ፕሌይ የሚባለው ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ የሚጫወተው ነው። አንዱ አጫዋች ይሆንና ዓለሙን፣ አውሬውን፣ ገበያውን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ምን እንደሚያደርግም ይወስኑለታል። ውጤቱ የሚያጠራጥር ነገር ተወርውሮ ቁጥር በሚያወጣ ዳይስ ይለያል። ጀብዱ ማለት አጫዋቹ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው፣ መነሻና መድረሻ ያለው ተልእኮ ነው። በተለመደው ጀብዱ ዋናው ጥያቄ «እናሸንፈዋለን ወይ?» ነው። በስግብግብነት ጀብዱ ግን «መቼ ነው በቃን የምንለው?» ይሆናል።

ብዙ አጫዋቾች ስለ ስግብግብነት ጀብዱ እናዘጋጅ ሲሉ መጀመሪያ የሚያስቡት ስግብግብ ጠላት ነው፦ እህል የሚደብቅ ነጋዴ፣ ግብር የሚያበዛ ገዥ፣ ወርቅ ላይ የተኛ ዘንዶ። ይህ ስለ ሌላ ሰው ስግብግብነት የሚተርክ ጀብዱ ነው። ተጫዋቾቹ ፈራጅ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ክፉውን ይገድሉና ወርቁን ይካፈላሉ። የተፈተነ ሰው የለም። ጠላቱ ስግብግብ ቢሆን ክፋት የለውም፤ ፈተናው ግን ጠረጴዛው ዙሪያ ለተቀመጡት መቅረብ አለበት።

ይህ እንዲሆን ከሁሉ አስቀድሞ የ«በቃ» ልክ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የመንደሩ ዕዳ 300 የወርቅ ሳንቲም ነው፤ ይህን የከፈለ የተያዘውን እህል ያስለቅቃል። ቁጥሩ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ በግልጽ ይነገር፣ ወረቀት ላይም ይጻፍ። ልክ በሌለበት ስግብግብነት የለም፤ ያለው ሥራ ብቻ ነው። ተጫዋቹ 301ኛውን ሳንቲም ሲያነሣ ከልኩ እንዳለፈ እንዲያውቅ 300 ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የጨዋታው የራሱ ታሪክ ይህን ያሳያል። ከሮል ፕሌይ ጨዋታዎች አንዱ የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን አዘጋጅነት ሲወጣ፣ ከዋሻ የወጣ አንድ የወርቅ ሳንቲም በመሠረቱ አንድ የልምድ ነጥብ ያስገኝ ነበር። ገጸ ባሕርይ የሚያድገው በወርቅ ነበርና ወርቅ መሰብሰብ እንደ ኃጢአት ሳይሆን እንደ ግዴታ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም ደግሞ ችግሩ ተገልብጧል። ወርቅ ልምድ አይሰጥም፤ የፈውስ መድኃኒት በ50፣ ሙሉ የብረት ጥሩር በ1,500 ሳንቲም ከተገዛ በኋላ ብዙ ቡድን ገንዘቡን የሚያውልበት ነገር ያጣል። የማይፈልጉት ነገር ደግሞ አይፈትንም። ስለዚህ በየትኛውም ደንብ ብንጫወት፣ ወርቁ ምን እንደሚገዛ ሳንወስን ወርቅ ማስቀመጥ ከንቱ ድካም ነው።

ክብደቱም እንዲሁ። በቀድሞው ደንብ አሥር ሳንቲም አንድ ፓውንድ ይመዝን ነበር፤ በአምስተኛው እትም 50 ሳንቲም አንድ ፓውንድ ነው። ያው 1,500 ሳንቲም በቀድሞው 68 ኪሎ ገደማ ሲሆን በአሁኑ 14 ኪሎ አይሞላም። ለስግብግብነት ጀብዱ የቀድሞው ይሻላል፤ ወርቅ ትከሻ ካላጎበጠ «ልተወው ወይስ ልውሰደው» የሚባል ክርክር አይነሣም። ሳንቲም እየቆጠሩ ጨዋታውን ላለማሰልቸት በከረጢት መቁጠር ይበጃል፤ አንድ ከረጢት 100 ሳንቲም ይይዛል፣ አሥር ፓውንድ ይመዝናል።

የቱን ስግብግብነት ነው የምናሳየው የሚለውንም መለየት ያስፈልጋል። ግብጽ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ በአራተኛው መቶ ዘመን ከስምንቱ ክፉ ሐሳቦች አንዱ አድርጎ የቆጠረው ፍቅረ ንዋይን ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን የሮሙ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ዝርዝሩን አሻሽሎ በምዕራቡ ዓለም ሰባቱ ገዳይ ኃጢአቶች ለሚባሉት መሠረት ጣለ። በእኛ ቋንቋ ግን ይህ አንድ ኃጢአት ቢያንስ ሦስት ስም አለው፤ ሦስቱም የተለያየ ጀብዱ ይወልዳሉ። ስግብግብነት ገና ያልያዙትን መሻማት ነው፤ ጀብዱው ወደ ውስጥ፣ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። ንፍገት ያለውን አለመስጠት ነው፤ ጀብዱው ደጅ ላይ ቆሞ የሚለምን ሰው ይፈልጋል። ስስት ከሁለቱም ይረቅቃል። ለምግብና ለገንዘብ የሚሳሳ ሰው አለ፤ እናትም ለልጇ ትሳሳለች። ቃሉ አንድ የሆነው ሥሩ አንድ ስለሆነ ነው፤ እንዳላጣው የሚል ስጋት። ጥሩ የወርቅ ጠባቂ ዘንዶ የሚሠራው ከስስት ነው። ወርቁን የሚያደርግበት ነገር የለውም፤ የሚፈራው መጉደሉን ነው። እንዲህ ያለው ዘንዶ ሊያነጋግሩት፣ ሊያባብሉት፣ ሊያዝኑለትም ይቻላል።

የጥንት ኖርዲኮች (የስካንዲኔቪያ ሰዎች) ስለ ፋፍኒር የሚተርኩት ይህንኑ ነው። ተንኮለኛው አምላክ ሎኪ ከሌሎች አማልክት ጋር ሲጓዝ የሕሬይድማርን ልጅ በአውሬ አምሳል አግኝቶት ሳያውቅ ገደለው። ካሳው የሟቹን ቆዳ በወርቅ መሙላትና አንድ ጸጉር እንኳ ሳይታይ መሸፈን ሆነ። ወርቁ ተቆለለ፤ አንድ ጸጉር ብቻ ቀረች። እሷን ለመሸፈን የግድ የተረገመው ቀለበት ተጨመረ። ከዚያ ሌላው የሕሬይድማር ልጅ ፋፍኒር አባቱን ለወርቁ ብሎ ገደለ፣ ራሱም ዘንዶ ሆኖ በላዩ ተኛ። ለጀብዱ አዘጋጅ ከእርግማኑ ይልቅ የሚጠቅመው ያቺ አንዲት ጸጉር ናት። ልኩ ግልጽ ነው፣ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፣ የጎደለውን የሚሞላው ግን ባይነካ የሚሻለው ዕቃ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ለአራት ተጫዋች፣ ለአራት ሰዓት የሚበቃ አንድ ጀብዱ እንዲህ ይዘጋጃል። መንደሩና ዕዳው 40 ደቂቃ፣ ወደ ዋሻው ያለው መንገድ 50፣ የወርቁ አዳራሽ 90፣ መውጫው 40፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው 20 ደቂቃ ይውሰድ። አዳራሹ ውስጥ የተኛ ዘንዶ አለ፤ ከሥሩና ከዙሪያው 20 ከረጢት ወርቅ። ለዕዳው የሚያስፈልጉት ሦስት ከረጢቶች ከዳር ተቀምጠዋል፤ እነሱን ማንሣት ምንም ዳይስ አያስወረውርም። ከአራተኛው ጀምሮ ግን አንድ ከረጢት በተነሣ ቁጥር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወረወራል። የወጣው ቁጥር እስካሁን ከተነሡት ከረጢቶች ብዛት ጋር እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ ዘንዶው አንድ ደረጃ ይነቃል። መጀመሪያ ይገላበጣል፤ ሁለተኛ ዓይኑን ይገልጣል፤ ሦስተኛ ይነሣል።

ስሌቱ ለተጫዋቾቹ በግልጽ ይነገር። አራተኛው ከረጢት ላይ አደጋው 20 በመቶ፣ አምስተኛው ላይ 25፣ ስድስተኛው ላይ 30 ነው። ዘንዶውን አንዴም ሳያስገላብጡ እስከ ስድስት የመድረስ ዕድል 42 በመቶ፣ እስከ ስምንት ደግሞ 16 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከአራተኛው እስከ 11ኛው ያሉት ስምንት ውርወራዎች አደጋ ሲደመር ልክ ሦስት ይመጣል፤ ስለዚህ ዘንዶው ባማካይ 11ኛው አካባቢ ይነሣል ማለት ነው። አደጋውን መደበቅ ውጥረት የሚጨምር የሚመስላቸው ተሳስተዋል። የተደበቀ አደጋ ሲደርስ ዱብ ዕዳ ይባላል፤ ተጫዋቹ አጫዋቹን ይወቅሳል። እያወቀ የገባበት አደጋ ሲደርስ ግን የሚወቅሰው ራሱን ነው፤ ይህ ጀብዱ የሚፈልገውም ያንን ጸጸት ነው።

ቀጥሎ ማጓጊያው ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ገጸ ባሕርይህ ገንዘብ ቢያገኝ ለማን ምን ያደርጋል? አንዱ በባርነት የተያዘች እህቱን ነጻ ያወጣል፤ ሌላዋ የተቃጠለውን የመምህሯን ቤት ታሠራለች። ለእያንዳንዱ መልስ ከ200 እስከ 400 ሳንቲም ዋጋ ይውጣለት፤ የአራቱ ድምር ወደ 1,200 ይምጣ። ዕዳው ሲጨመር 1,500 ይሆናል፤ ይህም 15 ከረጢት ነው። ዘንዶው ባማካይ 11 አካባቢ ይነሣል ብለናል። ሁሉን የሚያዳርስ ወርቅ የለም ማለት ነው፤ ማን ይቅርበት የሚለውን ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ይነጋገሩበታል። ስግብግብ ነኝ የሚል ሰው የለም፤ ሁሉም «ለልጆቼ ነው» ይላል። ማጓጊያው መልካም ምክንያት ካለው ፈተናው እውነተኛ ይሆናል። ጌጥና አልማዝ ብቻ ከተደረደረ ግን ተጫዋቹ በቀላሉ ንቆ ያልፍና ራሱን እንደ ቅዱስ ይቆጥራል።

መውጫው ብብቱን የሚፈትን ነው። አንድ ሰው ሁለት ከረጢት ያለ ችግር ይይዛል፤ ሦስተኛውን ከያዘ መሮጥ አይችልም፤ አራተኛውን ለመያዝ መሣሪያውን ወይም ጋሻውን መጣል አለበት። ሦስት መሰናክል ይበቃል፦ ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍበት ስንጥቅ፣ ሁለት እጅ የሚፈልግ የአሥር ሜትር ገመድ፣ የበሰበሰ ድልድይ። ደንቡ አንድ ነው፤ አንድ ከረጢት የጣለ ዳይስ ሳይወረውር ያልፋል። መጣል ሁልጊዜ የሚቻልና ሁልጊዜ የሚያዋጣ መሆን አለበት። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ወርቁን የጣለውንም በዳይስ ይቀጡታል። ያን ጊዜ ተጫዋቹ መተው እንደማይጠቅም ይማራል፣ ጀብዱውም ትርጉም ያጣል።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ሣጥን መስሎ የሚናከስ አውሬና እርግማኑ ያልተነገረ ዕቃ ማብዛት ነው። እነዚህ ተጫዋቹን ሣጥን መፍራት እንጂ ስግብግብነትን መግታት አያስተምሩትም። ከሁለተኛው ወጥመድ በኋላ እያንዳንዱ በር በረጅም እንጨት እየተነካካ አንድ ሰዓት ያልቃል። የተረገመ ቀለበት ማስገባት የፈለገ እርግማኑን ሳጥኑ ላይ ይጻፍ፤ ጥቅሙንም ከጎኑ። አንብቦ ያነሣው ይወቅበት።

ተጫዋቾች እርስ በርስ መሰራረቅ ይችላሉ ወይ የሚለው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይወሰን። ስምምነት በሌለበት የተፈጸመ ስርቆት ጠረጴዛው ላይ አይቀርም፤ ጓደኛሞችን አኳርፎ ቡድን ያፈርሳል። የማይፈልግ አንድ ሰው እንኳ ካለ ይከልከል። ያለ ስርቆትም ፉክክር መፍጠር ይቻላል፤ አንድ ዘውድ ከወርቁ መካከል ማስቀመጥ በቂ ነው። ከረጢት ለአራት ይካፈላል፤ ዘውድ አይካፈልም።

የመጨረሻው 20 ደቂቃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል የለበትም። 200 ሰው በሚኖርበት መንደር አንድ ሺህ የወርቅ ሳንቲም ገበያ ቢወጣ ምን ይሆናል? የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ እ.ኤ.አ. በ1324 ወደ መካ ሲሄድ ካይሮ ላይ በበተነው ወርቅ ብዛት የወርቅ ዋጋ ወርዶ ነበር። በመንደሩም የዳቦ ዋጋ በሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሁን፤ ያልተካፈሉት ጎረቤቶች ይራቡ። ቅጣቱ ከሰማይ እንዲወርድ አያስፈልግም፤ ገበያው ይበቃል። አጫዋቹም በአንድ ሽማግሌ አፍ ስብከት አይስበክ። ዳቦ ለመግዛት የመጣች አንዲት ሴት ያላትን ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቆጥራ ባዶ እጇን ስትመለስ ያሳይ።

ተጫዋቾቹ ሦስቱን ከረጢት ብቻ ይዘው ቢወጡስ? ይህ ሊገጥም የሚችል ነገር ነውና አጫዋቹ ይዘጋጅበት። ያዘጋጀው ሁሉ ሳይነካ ስለቀረ ይቆጨው ይሆናል፤ ሆኖም ዘንዶውን በግድ አይቀስቅስ፣ ዕዳውም ድንገት 600 ሆኗል አይበል። ገመዱን ይውጡ፣ ድልድዩን ይሻገሩ፣ 300ውን ይቁጠሩ፣ እህሉ ይለቀቅ። በተረፈው ጊዜ የእህቱን ነጻነት ትቶ የወጣው ተጫዋች ያንን ውሳኔ ለእህቱ እንዴት እንደሚነግራት ጠረጴዛው ላይ ይጫወተው።