ስለ ጄሪ ክላወር ሰው የሚያስበውና እውነታው

ጄሪ ክላወር የሚባለውን አሜሪካዊ ታሪክ ነጋሪ በቪዲዮ ያየ ሰው፣ ያ ደማቅ ሱፍ የለበሰ ግዙፍ ሰውዬ ማይክ ይዞ ሲጮህ አይቶ፣ መጀመሪያ ሚያስበው ዕድሜ ልኩን መድረክ ላይ የኖረ ኮሜዲያን ነው ብሎ ነው። አይደለም። የተወለደው 1926 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው)፣ ታዋቂ ያደረገው አልበም የወጣው ደሞ 1971፣ እናንተው ቀንሱት። እስከዛ ድረስ ማዳበሪያ ሻጭ ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ባለችው ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ ያዙ ሲቲ በምትባል ከተማ፣ ገበሬዎች ራሳቸው ባለድርሻ ሆነው ያቋቋሙት ሚሲሲፒ ኬሚካል የሚባል ድርጅት ነበር፣ እዛ 1954 ተቀጠረና ገበሬ በተሰበሰበበት እየተገኘ ስለ ናይትሮጅን ያወራል። ስለ ናይትሮጅን ሲወራ ደሞ ሰው ያንቀላፋል መቼስ፣ ስለዚህ መሀል ላይ የልጅነት ጎረቤቶቹን ጉድ ጣል ማድረግ ጀመረ፣ ቆይቶ ሰዉ ለማዳበሪያው ሳይሆን ለወሬው ይመጣ ጀመር። ቴክሳስ ሉበክ ላይ ንግግሩ በቴፕ ተቀድቶ ሸክላ ሆነ፣ ተቸበቸበ፣ ኤምሲኤ የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ አስፈረመው። 1973 ላይ ናሽቪል ከተማ ያለው የግራንድ ኦል ኦፕሪ የመድረክና የሬዲዮ ዝግጅት አባል ሆነ፣ በካንትሪ ሙዚቃ ዓለም ከዛ በላይ መድረክ የለም።

"ቀልድ ነጋሪ ነው" የሚለውም ልክ አይደለም። እሱ ራሱ ሚያስቅ ታሪክ አልነግርም፣ ታሪክን በሚያስቅ መንገድ ነው ምነግረው ይል ነበር። ልዩነቱ ሚገባችሁ የራኩን (ዛፍ የሚወጣ ትንሽ የአሜሪካ አውሬ ነው) አደኑን ታሪክ ስትሰሙት ነው። ጆን ዩባንክስ የሚባል ዛፍ መውጣት የሚችል ሰው አለ፣ ራኩን ዛፍ ላይ እያለ በጥይት መምታት ነውር ነው ብሎ ሚያምን፣ እና በሌሊት ውሾቹ ዛፍ ስር ሲጮሁ ወጣ፣ ላይ ሲደርስ ግን የጠበቀው ራኩን ሳይሆን ሊንክስ የሚባለው የዱር ድመት ነበር። ድመቱ ሲቦጫጭቀው ተኩሱ ተኩሱ እያለ ይጮሃል፣ አንተን እንዳንመታ ፈራን ይሉታል ከታች፣ እሱ ግን ዝም ብላችሁ ወደኛ ተኩሱ፣ ከሁለታችን አንዳችን መገላገል አለብን አለ። እንዲህ በጽሁፍ ግማሹ ይጠፋል፣ ክላወር ውሻውንም ድመቱንም ሰውየውንም በድምጹ እየሆነ ነው ሚነግራችሁ፣ ጩኸቱ ራሱ ነው ታሪኩ።

አነጋገሩን ሰምቶ ያልተማረ ባላገር ነው ሚለው ብዙ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ባህር ኃይል አገልግሎ፣ ከዛ በአሜሪካን ፉትቦል ስኮላርሺፕ ሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በእርሻ ነው የተመረቀው። አነጋገሩ ያደገበት፣ እዛው ሚሲሲፒ ያለው የአሚት ካውንቲ አነጋገር ነው፣ ዲግሪ ያዝኩ ብሎ አልቀየረውም፣ ለምንስ ይቀይራል፣ እንጀራው እሱ ነው።

ስድብ? የለም። አጥባቂ ባፕቲስት (የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ) ነበር፣ ከሃያ በላይ አልበም አውጥቶ ልጆች ፊት ሚያሳፍር ነገር አታገኙበትም። ዛሬ ላይ ያለስድብ አያስቅም ለሚሉ ኮሜዲያኖች ማስደመጥ ነው።

ከሁሉም በላይ ሚያናድደኝ ግን "የዛ ዘመን የደቡብ ነጭ ስለሆነ ዘረኛ ነው" ብለው ሲደመድሙ ነው። ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚኖርበት ሚሲሲፒ ማደጉ እውነት ነው፣ ያስተማሩት ነገርም ስህተት እንደነበር ቆይቶ በአደባባይ ተናግሯል። 1970 ጥር ላይ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የያዙ ሲቲ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ልጆችን አንድ ላይ ማስተማር ሲጀምሩ፣ በየሚሲሲፒው ብዙ ነጭ ቤተሰብ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት እያሸሸ ነበር፣ ክላወር ግን ከመንግስት ትምህርት ቤቱ ጎን ነው የቆመው። ይሄ ከዝናው በፊት ነው ልብ በሉ፣ ደንበኞቹ የዛው አካባቢ ገበሬዎች በነበሩበት ሰዓት።

ናሽቪል ሄዶ ቀረ ሚሉም አሉ፣ ኦፕሪውን እያዩ ይመስለኛል። ኑሮው ሚሲሲፒ ነበር፣ በኋላም ወደ ትውልድ ቦታው ወደ አሚት ካውንቲ ተመለሰ፣ 1998 ነሐሴ ላይ የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በ71 ዓመቱ የሞተውም እዛው ሚሲሲፒ ነው።