«ደጋን ምን ይነካዋል?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች፤ እውነታውስ?

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ጋቢ ደርቦ ይሳፈርና የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ይወርዳል። ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ገደማ ሲወርድ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በዚህ ስሌት የዓለም ሙቀት ሲጨምር፣ «ደጋን ምን ይነካዋል?» ቢባልም፣ አየሩ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ቆላው 150 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣ ማለት ነው።

«ወባ የቆላ ናት፣ ሽቅብ አትወጣም።»

ወባን ከደጋ የሚያግዳት ከፍታው ሳይሆን ብርዱ ነው። ተሕዋሲው በትንኟ ሆድ ውስጥ ካልጎለመሰ ወደ ሰው አይተላለፍም። ፋልሲፓረም የሚባለው ዝርያ ለዚህ በ25 ዲግሪ 12 ቀን፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ 4 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ከ16 በታች ጭራሽ አይሆንለትም። ወር የምትቆይ ትንኝ ብርቅ ስለሆነች በብርድ አገር ሳታደርሰው ትሞታለች። ጥቂት ዲግሪ ሲጨመር ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ደብረ ብርሃን ከተማ ገና ሩቅ ናት፤ የሚያሳስበው እስከ 2,000 ሜትር ያለው ተዳፋት ነው። እዚያ ያለው ሰው በሽታውን ስላልለመደው ይጠናበታል። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ዝናቡም ሙቀቱም ከወትሮው ሲያልፍ የተነሳው ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ይዞ 150,000 ያህል የገደለው በአብዛኛው ከ1,600 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች ነበር።

ቆላ ሠርቶ ወደ መንዝ የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያተኩሰው ከተነደፈ ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ፣ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ሌላው የወባ ዝርያ፣ ቫይቫክስ፣ ከሆነ ከወራት በኋላም ያገረሻል። «ብርድ መታው» ተብሎ ጋቢ ከሚደረብለት፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ መጀመሪያ የሚናገረው «ቆላ ወርጄ ነበር» የሚለውን ይሁን፤ ደሙ በዚያው ቀን ይታይ።

«እሸት በቆሎ ወባ ያመጣል።»

አያመጣም፤ እሸቱና የወባው ወራት መስከረምና ጥቅምት ላይ ስለሚገጥሙ ነው እንዲህ የተባለው። ነገር ግን አባባሉን ሙሉ በሙሉ መናቅም አይገባም። በቆሎው ሲያብብ የወንዴው አበባ ብናኝ በአጠገቡ ባለ ኩሬ ላይ ይረግፋል፣ የትንኟ እጭ ደግሞ እሱን ተመግቦ ይፋፋል። ስለዚህ እሸቱን ጥበሱና ብሉ፤ ማሳው ግን ደጃፍ ላይ ባይሆን፣ በአጠገቡ ያቆረ ውሃም ቢፋሰስ ይሻላል።

«ፀሐይ የጣለው ሰው ምች ነው፤ ሸፍኖ ማጠን።»

ከሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ከንፈር ላይ ለሚወጣው ቁስል ዳማ ከሴው ብዙ ጉዳት ላይኖረው ይችላል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ሽንኩርት ሲኮተኩት ውሎ የሚቀባዥር፣ የሚንገዳገድ፣ ገላው እንደ እሳት የሚፋጅ ሰው ግን ሌላ ነው፤ ላብ ቢኖረውም ባይኖረውም የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ደርሶ ይሆናል። በብርድ ልብስ አፍኖ ማጠን የቀረችውን የመውጫ በር መዝጋት ነው። ጥላ ስር አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ እያፈሰሳችሁ ያለማቋረጥ አራግቡለት፣ ሰው ደግሞ መኪና ይፈልግ። ራሱን የሳተን አታጠጡ። ፓራሲታሞልም አይረዳም፤ ሰውነቱ ማውጣት ያቃተው ሙቀት እንጂ የበሽታ ትኩሳት አይደለም። ከደጋ የወረደ ሠራተኛ ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጅበታል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግማሽ ሥራ ይሥራ።

«ዓለም ሞቀ ከተባለ ውርጩ ለምን አልቀረም?»

ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ በጠራበት፣ አየሩ በደረቀበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ሲያጣ ነው። አማካዩ ሙቀት እየጨመረም እንዲህ ያለ ሌሊት አይጠፋም። አረቄም የብርዱ መድኃኒት አይደለም፦ የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ፊት ይሞቃል፣ የውስጥ ሙቀት ግን ይባክናል። «ፍም ከሆነ አይጎዳም» ተብሎ በር ዘግቶ ከሰል ይዞ መተኛትማ ነፍስ ያስከፍላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የፋመውም ከሰል ይለቀዋል። የቤቱ ሰው ሁሉ ራሱን አመመኝ ካለና ውጭ ሲወጣ ከተሻለው ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ደጅ ይውጣ።

«ውሃው ከፈላ በቃ።»

በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። የጎርፍ ድፍርስ ከሆነ አስቀድሞ ይዝቀጥ፣ በንጹሕ ጨርቅም ይጠለል። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ውሃ መከልከልም ስሕተት ነው፤ የሚገድለው ድርቀቱ ነው። የሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ ፓኬት ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ያልተቆለለ፣ በማንኪያው ጠርዝ ልክ የተላጨ። ስኳሩ ሲበዛ ተቅማጡን ያባብሳል፣ ጨው ሲበዛ ልጁን ይጎዳል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ።