ትራውማ ጠባይ ማጣት አይደለም

«ትራውማ» ሲባል ብዙ ሰው የደረሰው መጥፎ ነገር ራሱ ይመስለዋል። አይደለም። ነገሩ ካለፈ በኋላ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚቀረው ጉዳት ነው።

በ2013 አጣዬ ከተማ ስትቃጠል ያየ ልጅ ዛሬ ደብረ ብርሃን፣ ትምህርት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ንፋስ በሩን ጓ አድርጎ ይዘጋዋል። ልጁ ዴስክ ስር ይገባል፣ ወይም አጠገቡ ያለውን ይመታል። አስቦበት አይደለም፤ አንጎሉ «አደጋ መጣ» ብሎት ነው። እዚህ ላይ «ተንበርከክ!» ማለት ፍርሃቱን ያባብሰዋል።

መምህራን፣ እባካችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ልጁ በሩ የሚታየው ቦታ ይቀመጥ። የቀኑን ፕሮግራም ድንገት አትቀይሩበት። በጓደኞቹ ፊት «ምን አየህ?» ብሎ ማስጨነቅ ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል። ዝም ካለም ተዉት፤ አጠገቡ መሆናችሁን ብቻ ይወቅ። እንቅልፍ ካጣና ፍርሃቱ ለሳምንታት ካልለቀቀው ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግራችሁ ወደ ጤና ባለሙያ ላኩት።